ሆን ብሎ የሚወድቀው ትግለኛ

ጫኔ በአስታ ሜዳ ባና፣ ያን ወፍራም የበግ ጠጉር ልብስ፣ የሚሠራ ሸማኔ ነው። አስታ ሜዳ ከሞላሌ ወደ ጓሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች የመንዝ መንደር ናት፤ ብርዷ ኃይለኛ ስለሆነ የጫኔ ባና ፈላጊ አጥቶ አያውቅም። ሰው ግን ጫኔን የሚያነሣው በባናው ሳይሆን በትግል ነው። ማን ከማን ጋር ገጠመ፣ ማን በምን ጣለ፣ የማን ስም ያለ ልኩ ገነነ፣ የማንስ ያለ አግባብ ተረሳ፤ ይህን ሁሉ መስማት የፈለገ ሰው እሱ በር ላይ መጥቶ ይቀመጣል።

እሱ ራሱ ሰው ጥሎ አያውቅም። በልጅነቱ ቀጭን ስለነበረ ያገኘው ሁሉ እያነሣ ይወረውረው ነበር። ከሌሎቹ የሚለየው ከወደቀ በኋላ ነው። ሌሎቹ ልጆች አቧራቸውን አራግፈው ሲሄዱ እሱ እወደቀበት ቁጭ ብሎ፣ "ቆይ፣ ያ እግር ከየት መጣ?" እያለ ያስባል። ሲገባው ይስቃል። ከዚያ እንደገና ሄዶ ይወድቃል።

ሥራውም ለዚህ ፍቅሩ የተመቸ ነበር። ሸማኔ የሚቀመጠው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ነው፤ እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ይረግጣል፣ እጁ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ይልካል። ብርሃን እንዲገባ በሩ ክፍት ይሆናል። እንዲህ ዝቅ ብሎ ለተቀመጠ ሰው በበሩ የሚያልፈው መንገደኛ ፊቱ አይታየውም፤ የሚታየው እግሩ ነው። ጫኔ ዕድሜውን ሙሉ እግር ሲያይ ኖረ። ማን ተረከዙን እንደሚጎትት፣ ማን በጣቱ ጫፍ እንደሚሄድ፣ የማን ቀኝ ጉልበት እንደሚሰንፍ ቀና ሳይል ያውቃል።

የመንዝ ትግል ሕጉ አጭር ነው። ሁለት ሰዎች ወገብ ለወገብ ይያያዛሉ፤ ጀርባው ሣሩን የነካ ተሸነፈ። መምታት፣ መንከስ፣ ጠጉር መያዝ ነውር ነው። ተመልካች የሚወደው ማንሣትን ነው፤ አንዱ ሌላውን ከመሬት ነቅሎ ሲያወጣው ሴቱ እልል ይላል፣ ወንዱ ይፎክራል። ጫኔ ግን ማንሣቱ የሚመጣው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው ይላል። ትግሉ የሚያልቀው ከዚያ በፊት፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ እግር ላይ ነው።

"ዓምደ ሚካኤልን ተዉት" ይላል መወርወሪያውን ሳያቆም። ዓምደ ሚካኤል በዚያ ሁሉ አገር አቻ የለውም የሚባልለት የሞላሌ ጎረምሳ ነው። "ትከሻው ለሁለት ሰው ይበቃል። እግሩ ግን እንግዳ ሊቀበል የቆመ ነው የሚመስለው። አንድ ቀን ወደ ታች የሚያይ ሰው ይመጣበታል።"

"ታዲያ ማንን ትላለህ?" ይሉታል። የሚጠብቀውም ይህንን ጥያቄ ነው።

"ሀብተ ማርያምን ነዋ!"

ሀብተ ማርያም ከመርሐቤቴ፣ ከዓለም ከተማ በኩል፣ በርበሬ በበቅሎ እየጫነ ሞላሌ ገበያ የሚመጣ አጭር ነጋዴ ነበር። ሰው አንሥቶ አያውቅም። ሲገጥም ቁልቁል ቁጭ ይላል፤ ያ ትልቁ ሰው እላዩ ላይ ሲንጠለጠል ብድግ ይላል፤ በቃ፣ አለቀ። ሰዉ "ዕድለኛ ነው" ይለዋል። "በየገበያው ዕድል የሚቀናው ሰው የት አይታችኋል?" እያለ ጫኔ ይቆጣል። ስለ ዲያቆን ኪዳነ ወልድ ሲያወራ ደግሞ ድምፁ ይለሰልሳል። ዲያቆኑ ትንፋሹ አጭር ስለሆነ መጨረሻው ሁልጊዜ መውደቅ ነው። እስኪወድቅ ድረስ ግን እግሩ ማሕሌት ላይ የቆመ ይመስል በልክ ይነሣል፣ በልክ ያርፋል። "ጣዮቹን ማን ያስታውሳቸዋል? እኛ እስከ ዛሬ የምናወራው ስለ እሱ ነው።"

ሚስቱ ጌታነሽ ጠጉር እየፈተለች ትሰማዋለች። "የወንዱን ሁሉ ተረከዝ እንዲህ አጥንተህ፣ እኔ እግሬን እሾህ ወግቶኝ ሳነክስ ሳምንት ሙሉ አላየኸኝም" ትለዋለች። ይስቃሉ።

እንዲህ ያለ ጨዋታ ነበር። ስለ ትግለኛ የሚሰጠው አስተያየት ሰው ይጎዳል ብሎ ጫኔ አስቦ አያውቅም። እስከ ወልደ ጻድቅ ድረስ።

ወልደ ጻድቅ የወለተጊዮርጊስ ልጅ ነው። ወለተጊዮርጊስ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ታላቁ ልጃቸው ከሚሊሺያ ጋር ወደ ሰሜን ዘምቶ የቀረባቸው ሴት ናቸው። የቀራቸው፣ መሬታቸውንም የሚያርስላቸው ይህ አንድ ልጅ ነበር። ዝምተኛ ነው፤ ሲሄድ ጎበጥ ይላል፤ ሰው ፊት ሲደርስ ያስላል። በየበዓሉ ትግል ይገባል፣ በየበዓሉ ይወድቃል። ትግል የጀመረ ሁሉ ጉልበቱን የሚሞክርበት እሱ ነበር። "ወልደ ጻድቅን አምጡልኝና ልማር" ይላሉ እየሳቁ። እሱም ይስቃል፤ አቧራውን አራግፎ ይሄዳል።

ጫኔ ነገሩን መጀመሪያ ያስተዋለው በደብረ ታቦር ዕለት ነው። የሚወድቅ ሰው ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ተረከዙን ሣሩ ውስጥ ይተክላል። ሁለተኛ፣ እጁን ሰድዶ መሬት ይፈልጋል። ይህን ማንም አላስተማረውም፤ ሕፃንም ያደርገዋል። ወልደ ጻድቅ ሁለቱንም አያደርግም። ባላጋራው ገና ሳይጎትተው ግራ ተረከዙ ቀድሞ ብድግ ይላል። እጁ ደግሞ መሬት በመፈለግ ፈንታ አብሮት የሚወድቀውን ሰው ራስ ይደግፋል፤ ድንጋይ እንዳይመታው።

ጫኔ ይህን ሲያይ ጠጉሩ ቆመ። የሚወድቅ ሰው ስለ ራሱ ራስ እንጂ ስለ ጣለው ሰው ራስ የሚጨነቅበት ጊዜ ከየት ያመጣል? ጊዜ ያለው፣ መቼ እንደሚወድቅ አስቀድሞ የሚያውቅ ብቻ ነው። መስቀልን ጠበቀ፤ ያው ነው። ገናን ጠበቀ፤ ያው ነው።

"ጌታነሽ! ይህ ልጅ ወድቆ አያውቅም! እየተኛ ነው!"

"ደክሞት ይሆናላ" አለች፣ እንዝርቷን እያሾረች።

"አልገባሽም። በፈለገበት ሰዓት፣ በፈለገበት ቦታ ነው የሚተኛው። እንዲህ አድርጎ ለመውደቅ ስንት ጉልበት እንደሚያስፈልግ ታውቂያለሽ? ከዓምደ ሚካኤል ይበልጣል። ከሀብተ ማርያምም ይበልጣል። በዚህ አገር ያለ ስሙ የቀረ ሰው ቢኖር እሱ ነው!"

ለምን ይተኛል የሚለውን ግን አልመረመረም። ስእለት ይሆናል አለ፣ ዓይን አፋርነት ይሆናል አለ። እግሩን እንጂ ሌላውን አላየም።

ከጥምቀት ትንሽ ቀደም ብሎ ወለተጊዮርጊስ የተፈተለ ጠጉር በከረጢት ይዘው ባና ሊያሠሩ መጡ። ቤቱ ውስጥ ከገበሬ ማኅበሩ ታጣቂዎች አንዱ ያዘዘው ባና እስኪያልቅ ተቀምጦ ይጠብቃል። ከረጢቱን አስቀመጡ፣ ታጣቂውን አየት አደረጉ፣ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አሉ።

"ጫኔ፣ አንድ ነገር ልለምንህ።"

"ይዘዙኝ እትዬ።"

"ልጄን አትየው።"

"ምን አደረግሁ?"

"በየበዓሉ ስታየው አይቼሃለሁ። ዓይንህን ከእሱ ላይ አንሣልኝ። ስለ እሱም አታውራ። ስለ ወላዲተ አምላክ።"

ታጣቂውን እንደገና አይተው ወጡ።

ይህ ንግግር ጫኔ ጆሮ ውስጥ እንዴት እንደገባ ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የእጅ ባለሙያ ዓይኑ ክፉ ነው፣ ያየውን ይበላል የሚል ሐሜት በዚያ አገር የቆየ ነው። በመንዝ ባና መሥራት የብዙ ገበሬ ሙያ ስለሆነ ሸማኔን በግልጽ ቡዳ የሚል ሰው ብዙም የለም። ግን ሲያልፍ ልጇን በነጠላዋ የምትሸፍን እናት ትኖራለች፤ ጫኔም ያውቃል፤ እንዳላየ ያልፋል። አሁን ግን በገዛ ቤቱ፣ ሰው ፊት፣ "ዓይንህን አንሣ" ተባለ።

"ቡዳ አለችኝ" አለ ጫኔ፣ ታጣቂው እንደወጣ።

"እንደዚያ ማለታቸው አይመስለኝም" አለች ጌታነሽ። "ያን ሰውዬ ሁለት ጊዜ ነው ያዩት። ሰው ፊት ሊናገሩት ያልቻሉት ነገር ይኖራል። ሂድና ብቻቸውን ጠይቃቸው።"

"እኔን ቡዳ ያለች ሴት ደጃፍ አልረግጥም! ዓይኔ የሚበላ መሆን አለመሆኑን በጥምቀት ያዩታል። ልጃቸውን አሞግሼ፣ አስከብሬ ነው የማሳያቸው።"

አልሄደም። ከዚያ በኋላ በኖረበት ዘመን ሁሉ ከጥፋቱ መካከል ደጋግሞ የሚመለስበት ይኼው ነበር፤ መንገዱ የአንድ እርሻ ስፋት አይሆንም።

በጥምቀት ማግስት የሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ከገባ በኋላ ሰዉ ሜዳው ላይ ክብ ሠራ። የሞላሌ ልጆችም መጥተዋል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር በበቅሎ ሆኖ ያያል። ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ የመጀመሪያው ዙር ልጆች ሄደዋል፤ ሁለተኛው ዙር ሊጠራ ነው፣ ኮታም ወርዷል የሚባል ወሬ ነበር። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። ጫኔም ያውቃል።

በአስታ ሜዳ ሰው ዘሎ ትግል አይገባም። ጀማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ይላተሙ እንጂ፣ ለትልቁ ግጥሚያ የደብሩ ሰው የለበሰውን አውልቆ በልጁ እግር ሥር ያነጥፍለታል። "አንተን መርጠናል" ማለት ነው። የተነጠፈለት ሰው ልብሱን ረግጦ መግባት አለበት፤ እምቢ ካለ ያዋረደው ያነጠፈውን ሰው ብቻ አይደለም፣ ደብሩን ነው። ዓምደ ሚካኤል ሁለት ሰው ጥሎ መሐል ቆሞ ሲንጎራደድ፣ የአስታ ሜዳ ሽማግሌዎች ማንን እንደሚያወጡ ሲመካከሩ፣ ጫኔ ብድግ አለ። ባናውን ከትከሻው አወረደ፤ ሄዶ በወልደ ጻድቅ እግር ሥር አነጠፈው።

ሳቁ ሜዳውን ሞላው።

"ጫኔ፣ ጠላው ከበደህ እንዴ?"

"ኧረ ልጁን አታስፈጀው! ወንዝ ሲሻገር ነፋስ የሚጥለው ልጅ እኮ ነው!"

"ባናውን ለከፈን ነው ያነጠፈለት!"

ጫኔ እጁን አነሣ። ሥራው ላይ እንደሚያስረዳው፣ በእርጋታ፣ በየተራ፣ ደስ እያለው አስረዳ። "ስሙኝማ! ይህ ልጅ ወድቆ አያውቅም። ግራ ተረከዙን እዩት። ሳይጎተት ቀድሞ ከተነሣ እየወደቀ አይደለም፣ ሆን ብሎ እየተኛ ነው። እጁንም እዩት። መሬት ካልፈለገ እየወደቀ አይደለም። ከደብረ ታቦር ጀምሮ እያየሁት ነው። ዛሬ ሁላችሁም እዩት!"

ሰዉ ሳቁን ተወ። ሁሉም ወደ ወልደ ጻድቅ እግር ጎንበስ አለ።

ወልደ ጻድቅ ፊቱ አመድ መስሏል። ወደ ጫኔ ጠጋ አለ። "ጋሼ ጫኔ፣ ባናውን አንሣው።"

"ለምን?"

"በሚካኤል ይዤሃለሁ። አንሣው።"

"አትፍራ" አለው ጫኔ፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ። "ትጥለዋለህ።"

ልጁ እናቱን ፈለገ፤ በሴቶቹ መካከል አያቸው። ከዚያ ባናውን ረግጦ ገባ።

ተያያዙ። ዓምደ ሚካኤል እንደ ልማዱ በትከሻው ገፋ። ወልደ ጻድቅ ለመተኛት ቢሞክርም የሚተኛበት መንገድ አልነበረም፤ ያ ሁሉ ዓይን ተረከዙ ላይ ነው። ተረከዙ ጥቂት ብድግ ሲል አንዱ፣ "አያችሁ! አያችሁ!" ብሎ ጮኸ። ተረከዙ ተመልሶ ተተከለ። አንድ ጊዜ ከተተከለ በኋላ የቀረው የልጁ ፈቃድ አልነበረም፤ ታፍኖ የኖረው ጉልበት ነበር። ቀኝ እግሩ በዓምደ ሚካኤል ሁለት እግሮች መካከል ገባ፣ ወገቡ ዞረ፣ ያ ትልቅ ሰው በአየር ላይ ተገለበጠና በጀርባው ሣሩ ላይ አረፈ። የወልደ ጻድቅ እጅ ከወዳቂው ራስ ሥር ነበረች።

ከዚያ ሜዳው በእልልታ ተናጋ። ጫኔ እየዘለለ አንዱን ይይዛል፣ ሌላውን ይይዛል፤ "እግሩ የገባበትን አያችሁ? ወደ ታች አያችሁ?" ይላል። ጎልማሳ ሰው ሆኖ እንባው ይወርድ ነበር። ወለተጊዮርጊስን ፈለገ፤ ዓይኑ እንዳልበላው ሊያሳያቸው። እልል አይሉም። ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነዋል።

ሊቀ መንበሩ በቅሎውን ወደ ሽማግሌዎቹ ጠጋ አደረገ። አልጮኸም።

"አምና ደረቱን ያመዋል፣ ትንፋሽ የለውም፣ ማንም የሚጥለው ልጅ ነው ብላችሁ የመሰከራችሁልኝ ይኼ ነው?"

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ።

"ጫኔ፣ ዓይንህ ለአብዮቱ ዋለ። አንተን ነበር የምልመላ ኮሚቴ ማድረግ የሚገባኝ" አለና ስቆ ሄደ።

ጫኔ እዚያው፣ እልልታው ሳይቆም፣ ገባው። ሳሉ፣ ጉብጠቱ፣ በየበዓሉ መውደቁ ምን እንደነበር፣ "ዓይንህን አንሣልኝ" ምን ማለት እንደነበር አንድ ላይ ገባው። ልጁ ያን ሁሉ ሳቅ የተሸከመው እናቱን ላለመተው ነበር። ጎንበስ ብሎ ባናውን አነሣ።

ታጣቂዎቹ ሳምንት አልቆዩም። ወልደ ጻድቅን ጎህ ሲቀድ፣ በሬዎቹን ለማረስ ሲያወጣ፣ ከነቀንበሩ አገኙት።

ጫኔ የዚያን ዕለት ሊቀ መንበሩ ዘንድ ሄደ። "ጓድ ሊቀ መንበር፣ ተሳስቼ ነው" አለ። "ዓምደ ሚካኤል ጠጥቶ ነበር፤ ያዳለጠው ነው። ልጁ ትንፋሽ የለውም።"

ሊቀ መንበሩ ተገርሞ አየው። "አንተ? ስለ ትግል ተሳሳትህ? ሌላ ሰው ቢለኝ አምን ነበር።" ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ጫኔ፣ እሱ ባይሄድ የሌላ ሴት ልጅ ይሄዳል። ኮታ ነው። የሚያዩት ሁሉ አይተውታል፤ ብተወው የሚጠየቀው የእኔ አንገት ነው። የተያዙት ልጆች መሐል ሜዳ ከተማ ናቸው፤ ከቻልህ እዚያ ተናገር።"

የሌላ ሴት ልጅ ይሄድ ነበር የሚለው እውነት ነው። ጫኔ መንገዱን ሁሉ ይህን እያሰበ ሄደ፤ ግን የሚያጽናናው አልሆነም። ያ የሌላይቱ ሴት ልጅ በእሱ አፍ አይሄድም ነበር።

መሐል ሜዳ፣ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ግቢ ውስጥ፣ ልጆቹ የጭነት መኪና ይጠብቃሉ። የሞላሌዎቹም አሉ፤ ዓምደ ሚካኤል ግንብ ተደግፎ ቆሟል። የሚጠብቃቸው አምሳ አለቃ በመሰላቸት ፀሐይ ይሞቃል። ጫኔ ያን ውሸቱን እንደገና ነገረው፤ ልጁ በሽተኛ ነው፣ ያሸነፈው በአጋጣሚ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ማንም ይጥለዋል።

"ማንም?" አለ አምሳ አለቃው። ጫኔን ከላይ እስከ ታች አየው፤ ከቀጭን አንገቱ እስከ ቀጭን ቅልጥሙ። "አንተም ትጥለዋለህ?"

"እኔም እጥለዋለሁ" አለ ጫኔ።

አምሳ አለቃው ከሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። "በል እንግዲያ! አንተን የመሰለ ሸንበቆ የሚጥለው ሰው ጦር ሜዳ ምን ይሠራልኛል? ከጣልኸው ይዘኸው ሂድ። ና አንተ፣ ወልደ ጻድቅ የምትባለው!"

ልጆቹ ክብ ሠሩ። ወልደ ጻድቅ መጣ። ጎበጥ አላለም፣ አላሳለም። ጫኔን ሲያይ ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ለጫኔ ይህ ከቁጣው የባሰ ሆነበት።

ወገብ ለወገብ ተያያዙ። ጫኔ አፉን ወደ ልጁ ጆሮ አስጠጋ። "ተኛ፣ ልጄ። እንደምታውቀው አድርገህ ተኛ። ወደ ቤትህ ትሄዳለህ።"

"እናቴ ላከችህ?"

"አልላኩኝም። ከእኔ ጋር አይነጋገሩም። ተኛ በቃ።"

ጫኔ በደካማ ክንዱ ጎተተ። የልጁ ግራ ተረከዝ ቀስ ብሎ ከመሬት ሲለቅ ወገቡ ላይ በያዘው እጁ ተሰማው። አምላኬ ተመስገን አለ በልቡ። ከዳር የቆሙት ልጆች ጠጋ ጠጋ አሉ። አንዳቸውም አላላገጡም፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ሊሄድ ያለውን ሰው ነበር የሚያዩት። ወልደ ጻድቅ ቀና ብሎ ልጆቹን አያቸው፤ ዓምደ ሚካኤልንም አየው።

"ጋሼ ጫኔ" አለው በሹክሹክታ። "ከጥምቀት ወዲህ ቀጥ ብዬ ነው የምሄደው። እንደገና መጉበጥ አልችልም። ይቅር በለኝ።"

ተረከዙ ተመልሶ መሬት ረገጠ። ጫኔ ከዚያ ቀጥሎ የሆነውን ነገር ማንም ሊገልጸው ከሚችለው በላይ ያውቀዋል፤ የልጁ እግር የት እንደገባ፣ ወገቡ እንዴት እንደዞረ፣ ሰማዩ እንዴት እንደተገለበጠ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ትግል አላየም። ተጥሎ እንኳ አልተጣለም፤ እንደ ተኛ ሕፃን በጀርባው ተጋደመ፣ ራሱ በልጁ መዳፍ ላይ ሆኖ። ልጆቹ ጮኹ። ዓምደ ሚካኤል መጥቶ ወልደ ጻድቅን አቀፈው።

"ይኼንን ነው በሽተኛ የምትለኝ?" አለ አምሳ አለቃው። "ሂድ፣ ባናህን ሥራ!"

ጫኔ ሲመለስ በቀጥታ ወለተጊዮርጊስ ቤት ሄደ። አሁን ደጃፋቸውን ረገጠ። ሊቀ መንበሩ ጋ የሆነውን፣ አምሳ አለቃው ያለውን፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገራቸው። ወለተጊዮርጊስ ፊታቸውን ሳያዞሩ ሰሙ።

"በአንተ መጣል ነበር የቀረው" አሉ በመጨረሻ። "መውደቅ ነበር የቀረው። አልወደቀም?"

"አልወደቀም።"

"እምቢ አለ?" ድምፃቸው ተሰበረ። "እኔን ትቶ ሊሄድ ብሎ አልወድቅም አለ?"

ጫኔ አፉን ከፈተ። የሚወደው ነገር፣ ያየውን በትክክል መናገር፣ ጫፉ ላይ ደርሶ ነበር። ተረከዙ እንዴት ተነሥቶ እንዴት እንደተመለሰ፣ ልጁ ምን እንዳለው። ለዚች ሴት ግን ያ ሁሉ፣ "ልጅዎ መሄድን መረጠ" ከማለት ሌላ ምንም አይደለም።

"እሱማ ሊወድቅልኝ ነበር" አለ። "ተረከዙን አንሥቶ ነበር። እኔ ነኝ ያልቻልሁት። ስጎትተው ጉልበቴ ከዳኝና እኔው በጀርባዬ ወደቅሁ። እሱ ሊይዘኝ ሞክሮ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ወለተጊዮርጊስ ቀስ ብለው ዞረው አዩት። "ድሮስ አንተ መቼ ሰው ጥለህ ታውቃለህ?" አሉ።

"አላውቅም።"

"ያንተ ነገር እንዲህ ነው። ማየት ብቻ ነው የምትችለው።" ከዚያ ሊያለቅሱ የነበሩት ሴት አላለቀሱም፤ ቁጣቸው ሄዶ ያረፈበት ቦታ አገኘ። ጫኔም አንገቱን ደፍቶ ተቀበለው።

ይህን ትግል ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ደጃፉ የሚቀመጡት ሰዎች እንደ ድሮው፣ "ጫኔ፣ ካየኸው ሁሉ ማን ይበልጣል?" ቢሉት ክር ተበጠሰ ብሎ ጎንበስ ይላል። መሐል ሜዳ ሄዶ በገዛ እግሩ ተደናቅፎ ወደቀ ሲሉ ይሰማል፤ ሲስቁም አያርማቸውም። ጌታነሽ እውነቱን የጠረጠረች ይመስለዋል፤ አልጠየቀችውም።

ያን ዕለት ግን ሊወጣ በሩ ላይ ሲደርስ ወለተጊዮርጊስ ጠሩት።

"የበልጉ መሬት ሳይታረስ ቀረ" አሉ። "በሬዎቹ ቆመዋል።"

"እኔ እርሻ አልችልም፣ እትዬ።"

"አውቃለሁ። ነገ ማልደህ ና።"

በማግስቱ ማልዶ መጣ። ሞፈሩ ከበደው፣ ትልሙ ተጣመመ፣ በሬዎቹ ባዕድ እጅ መሆኑን አውቀው ወደፈለጉበት ይሄዳሉ። ወለተጊዮርጊስ ከኋላው ገብስ ይዘራሉ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ቂጣ በነጠላ ጠቅልለው አንድ ድንጋይ ላይ አስቀመጡለትና ራቅ ብለው ሌላ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ፊታቸውን ወደ መሐል ሜዳ መንገድ አድርገው። ጫኔ ቂጣውን በላ። እጁ ውኃ ቋጥሮ ነበር። ሊነግራቸው የሚፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ልጅዎ በዚህ አገር ካየሁት ሰው ሁሉ ይበልጣል። ይህን እንዴት ብሎ ይበለው?

"ቀኙ በሬ ወደ ገደሉ ይላል" አሉ ወለተጊዮርጊስ፣ ሳይዞሩ። "አጥብቀህ ያዘው።"

ተነሣና ያዘው።